ዎርድፕረስን ለሁሉም ተደራሽ ለማድረግ በፈቃደኝነት መሥራት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለምትጀምሩ

«ኮድ መጻፍ አልችልም፤ ታዲያ ምን ልርዳ?» ይህ ጥያቄ ከደሴም ከኮምቦልቻም ደጋግሞ ይደርሰኛል። የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ለሱቅ፣ ለትምህርት ቤትና ለሆቴል ዌብሳይት ሠርተው የሚያስረክቡ ልጆችም አሉበት። በቴሌግራም ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንድ ቦታ ላይ ጻፍኩት።

ሥራው እንዲህ ነው። ዎርድፕረስ ነጻ የሆነና ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ የዌብሳይት መሥሪያ ነው። ዓይነ ስውር፣ እጁ ማውስ መያዝ የማይችል ወይም ዓይኑ የደከመ ሰው ሲጠቀምበት የሚሰናከልበት ቦታ አለ። ያንን ቦታ ፈልጎ የሚያገኝ፣ በግልጽ የሚጽፍና መፍትሔው ሲመጣ የሚሞክር ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ ሁሉ አንድ መስመር ኮድ መጻፍ አይጠበቅባችሁም። ስህተቱ ከዋናው ሶፍትዌር ላይ ከታረመ ደግሞ አዲሱን ቨርዥን የጫነ ሳይት ሁሉ አብሮ ይታረማል። ሰኞ ገበያ ያለ የአንድ ነጋዴ ሳይትም ቢሆን።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ

- ዊንዶውስ ያለው ላፕቶፕ። አሮጌ ቢሆንም ይሠራል።
- ኤንቪዲኤ። በስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ማለትም ስክሪን ሪደር ነው። በነጻ ይወርዳል።
- ፋየርፎክስ እና ክሮም።
- የጆሮ ማዳመጫ። ፒያሳ ካፌ ውስጥ ተቀምጣችሁ የምትሠሩ ከሆነ ያለሱ አይሆንም።
- አንድሮይድ ስልክ። ቶክባክ የተባለው ስክሪን ሪደር ብዙዎቹ ላይ ተጭኖ ይመጣል።
- የዎርድፕረስ ዶት ኦርግ እና የጊትሃብ (ኮድና የስህተት ሪፖርት የሚቀመጥበት ሳይት) አካውንት። ሁለቱም ነጻ ናቸው።
- ደብተርና እስክሪብቶ።

ሪፖርት የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የተራቀቀ እንግሊዝኛ ግን አይፈልግም። አጫጭር፣ ግልጽ ዓረፍተ ነገሮች ይበቃሉ።

1. ንጹሕ የመሞከሪያ ሳይት አዘጋጁ

ቀላሉ መንገድ የዎርድፕረስ ፕሌይግራውንድ ነው። ምንም ሳትጭኑ ብራውዘራችሁ ውስጥ ሙሉ ዎርድፕረስ ይከፍትላችኋል። ካላስቀመጣችሁት ግን ገጹ ሲዘጋ የሠራችሁት አብሮ ይጠፋል። ኔትወርክ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ዛምፕን፣ ማለትም ላፕቶፕን እንደ ዌብ ሰርቨር የሚያሠራውን ነጻ ፕሮግራም፣ ላፕቶፓችሁ ላይ ጫኑና ዎርድፕረስን እዚያ አስገቡ። ከዚያ በኋላ ለሙከራው ኢንተርኔት አያስፈልግም። ዳታ የሚያልቀው ፋይሎቹን ስታወርዱ ብቻ ነው።

ቴሙ፣ ማለትም የሳይቱን መልክ የሚወስነው ክፍል፣ አብሮት የሚመጣው ይሁን፤ ለምሳሌ ትዌንቲ ትዌንቲ ፋይቭ። ፕለጊኖችን፣ ማለትም ተጨማሪ ሥራ እንዲሠሩ የሚጫኑትን ፕሮግራሞች፣ በሙሉ አጥፉ። ምክንያቱም ችግር ስታገኙ መጀመሪያ የምትጠየቁት «ከዋናው ሶፍትዌር ነው፣ ከቴሙ ነው ወይስ ከፕለጊን?» የሚለውን ነው። ንጹሕ ሳይት ላይ ከታየ መልሱ ግማሽ በግማሽ ተገኝቷል ማለት ነው።

ከዚያ ትንሽ ይዘት ጨምሩ። ሁለት ጽሑፍ፣ አንድ ምስል፣ አንድ ሰንጠረዥ፣ አንድ ሜኑ። ጽሑፎቹ በአማርኛ ቢሆኑ ይመረጣል። የእኛ ፊደል የሚያወጣው ችግር በእንግሊዝኛ ሙከራ አይታይም።

ማስጠንቀቂያ፦ የደንበኛ ሳይት ላይ በፍጹም አትሞክሩ። ፕለጊን ስታጠፉ የሰው ሥራ ይቆማል።

2. ማውሱን አስቀምጡና በኪቦርድ ብቻ ሂዱ

እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰውም ዓይነ ስውርም የሚጠቀመው ኪቦርድን ነው። በኪቦርድ የማይደረስበት ነገር ለእነሱ የለም ማለት ነው። ለዚህ ነው ሙከራው ከዚህ የሚጀምረው። ምንም ፕሮግራም አያስፈልገውም፤ ብዙ ስህተትም ያወጣል።

ታብ ወደፊት ይወስዳል። ሺፍትና ታብ አንድ ላይ ወደኋላ ይመልሳሉ። ኢንተር ሊንክ ይከፍታል። ስፔስ በተን ይጫናል። ኢስኬፕ የተከፈተ መስኮት ይዘጋል። ገጹን ከላይ እስከ ታች እየሄዳችሁ እነዚህን ጠይቁ፦

- የት እንዳለሁ ይታያል? የደረሳችሁበት በተን ወይም ሊንክ ዙሪያውን መስመር ወይም የቀለም ለውጥ ሊኖረው ይገባል።
- ቅደም ተከተሉ ከንባቡ ጋር ይሄዳል? ከሜኑ ወደ ገጹ ግርጌ ዘሎ ተመልሶ ወደ መሃል ከመጣ ችግር ነው።
- የገባሁበት ቦታ ይለቀኛል? ታብ እየተጫናችሁ ከአንድ ሳጥን መውጣት ካቃታችሁ ከባድ ስህተት አግኝታችኋል።
- መጀመሪያ ታብ ስጫን ወደ ዋናው ይዘት የሚያሻግር ሊንክ ብቅ ይላል? ይህ ከሌለ ሰውየው በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ሜኑውን በሙሉ እንደገና ማለፍ ይኖርበታል።

የአስተዳዳሪውንም ገጽ በዚሁ መንገድ ፈትሹ። ብዙ ሰው ጎብኚው የሚያየውን ብቻ አይቶ ይተዋል። ዓይነ ስውር ጋዜጠኛም፣ አስተማሪም የራሱን ጽሑፍ ራሱ መለጠፍ አለበት።

3. አጉሉት፣ ቀለሙንም ለኩ

ኮንትሮልና የመደመር ምልክቱን ተጫኑ። በ200 በመቶ ጽሑፍ መቆረጥ ወይም መደራረብ የለበትም። ስፋቱ 1280 ፒክስል በሆነ መስኮት ላይ በ400 በመቶ ደግሞ አንድ መስመር ለማንበብ ወደ ጎን መጎተት ሊያስፈልግ አይገባም። የአማርኛ ቃል በተን ውስጥ የሚቆረጠው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ቦታው የተለካው በእንግሊዝኛ ቃል ልክ ስለሆነ ማለት ነው።

የቀለም ልዩነትን የክሮምም የፋየርፎክስም የዴቨሎፐር መሣሪያ ይለካል። ዎርድፕረስ የሚከተለው ውካግ የተባለውን ዓለም አቀፍ የዌብ ተደራሽነት መመሪያ ነው፤ ቨርዥኑ 2.2፣ ደረጃው ደብል ኤ። በዚያ መሠረት ተራ ጽሑፍ ከጀርባው ጋር ቢያንስ 4.5 ለ 1 ልዩነት ይኑረው። ለትልልቅ ጽሑፍ 3 ለ 1 ይበቃል። ቁጥሩን መዝግቡ። «ቀለሙ ፈዟል» የሚል ሪፖርት ያከራክራል፤ «2.9 ለ 1 ነው» የሚል አያከራክርም።

4. በጆሯችሁ አንብቡት

ጊዜያችሁን አብዛኛውን እዚህ ላይ አውሉ።

ኤንቪዲኤን ከመክፈታችሁ በፊት እንዴት እንደሚዘጋ እወቁ። ኢንሰርትና ኪው ተጫኑ፣ ከዚያ ኢንተር። ድምፁን ለአፍታ ዝም ለማሰኘት ኮንትሮል ይበቃል። ላፕቶፓችሁ ኢንሰርት ከሌለው ኤንቪዲኤ መጀመሪያ ሲከፈት በሚመጣው መስኮት ላይ ካፕስ ሎክ በምትኩ እንዲያገለግል ምረጡ።

ቀጥሎ ድምፁን አስተካክሉ። ኢንሰርትና ኤን ስትጫኑ ሜኑው ይመጣል። ከዚያ ወደ ማስተካከያው ገብታችሁ «ስፒች» በሚለው ውስጥ ኢስፒክ ኤንጂን ምረጡ። ከኤንቪዲኤ ጋር አብሮ የሚመጣ ድምፅ ነው፤ አማርኛም ያነባል። ድምፁ የማሽን ነው። ጆሮ እስኪለምደው ታገሡ፤ ፍጥነቱንም ቀንሱለት።

ከመሣሪያዎቹ ዝርዝር «ስፒች ቪዩወር»ን ክፈቱ። የሚነበበው ሁሉ በጽሑፍ ይታያችኋል። ይህን ብዙ ጀማሪ አያውቀውም። የሰማችሁትን ቃል በቃል ሪፖርቱ ላይ መገልበጥ የምትችሉት በዚህ ነው።

አሁን ገጹ ላይ እነዚህን ቁልፎች ሞክሩ። ኤች ከርዕስ ወደ ርዕስ ይወስዳል። ኬ ወደ ሊንክ፣ ቢ ወደ በተን፣ ኤፍ ወደ ፎርም መሙያ፣ ጂ ወደ ምስል፣ ዲ ወደ ገጹ ዋና ዋና ክፍሎች። ፎርም ውስጥ ስትገቡ ኤንቪዲኤ ራሱ ወደ መጻፊያ ሁኔታ ይቀየራል። ካልተቀየረ ኢንሰርትና ስፔስ ተጫኑ። ይህን ሳያውቁ «ፎርሙ አይሠራም» ብለው ሪፖርት የሚያደርጉ አሉ። ፎርሙ ይሠራል፤ ያልተቀየረው የእነሱ ሁኔታ ነው።

ስትሰሙ የምትፈልጉት ይህንን ነው፦

ስም የሌለው በተን። «በተን» ብሎ ዝም ካለ የሚሰማው ሰው ይሰርዝ ይሁን ይላክ አያውቅም።

መግለጫ የሌለው ምስል ወይም የፋይል ስም የሚነበብበት ምስል። ለጌጥ የገባ ምስል ሲሆን ግን መዝለሉ ትክክል ነው፤ ስህተት ብላችሁ አትጻፉት።

ሳይነገር የሚቀየር ነገር። «አስቀምጥ» ስትሉ ስክሪኑ ላይ «ተቀምጧል» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል፤ ኤንቪዲኤ ግን ምንም አይልም። የሚያይ ሰው ፈጽሞ የማያስተውለው ስህተት ነው። ለዓይነ ስውሩ ግን ሥራው መጥፋት አለመጥፋቱን ማወቂያው ያ ብቻ ነው። በተለይ እዚህ ላይ ጆሮ ስጡ።

በቅደም ተከተል ያልሆነ ርዕስ። ከደረጃ 2 ወደ 4 ከዘለለ ሰሚው በመሃል አንድ ነገር ያመለጠው ይመስለዋል።

በአማርኛ ገጽ ላይ ደግሞ አንድ ነገር አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የሳይቱ ቋንቋ ምን ተብሎ ተመዝግቧል? በዎርድፕረስ ማስተካከያ ውስጥ «ጄኔራል» በሚለው ስር የሳይቱ ቋንቋ አለ። እንግሊዝኛ እንደሆነ ከተተወ ገጹ ለስክሪን ሪደሩ «እንግሊዝኛ ነኝ» ይለዋል፤ የእንግሊዝኛው ድምፅም ፊደላችንን ማንበብ ያቅተዋል። አማርኛ ሲመረጥ ገጹ ቋንቋውን በትክክል ስለሚናገር ድምፁ ራሱ ይቀየራል። እንዲህ ያለው የሳይቱ ባለቤት የሚያስተካክለው ነው፤ የዎርድፕረስ ስህተት ብላችሁ አታስገቡት። በማኅተምና በፊርማ ፎቶ ተነስቶ የተለጠፈ ማስታወቂያም እንደዚያው ነው። ስክሪን ሪደር ፎቶ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ እንደ ጽሑፍ አያገኘውም። ዩኒኮድ የተባለውን ዓለም አቀፍ የፊደል አመዘጋገብ በማይከተሉ የቆዩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈም ለዓይን አማርኛ ይመስላል እንጂ ለጆሮ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ነው።

መጨረሻ ላይ የላፕቶፑን ብርሃን እስከ ታች ዝቅ አድርጉና አንድ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጨርሱ፤ ጽሑፍ ጽፋችሁ ምስል ጨምራችሁ ለጥፉ። ዓይን ክፍት ሲሆን ጆሮ ያልሰማውን ይሞላል።

ቶክባክን በስልክ ስትሞክሩ በጣት ወደ ቀኝ መጥረግ ወደሚቀጥለው ይወስዳል፤ ሁለቴ መንካት ይከፍታል። ማስጠንቀቂያ፦ ከማብራታችሁ በፊት ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አብሮ ተጭኖ የማጥፊያውን አቋራጭ ማስተካከያው ውስጥ አብሩት። ያለዚያ ስልኩ በለመዳችሁት መንገድ አይታዘዝም፤ ለማጥፋት ትደናገራላችሁ።

5. በየቀኑ የሚጠቀምበትን ሰው ጠይቁ

እናንተ ኤንቪዲኤን የምትከፍቱት ለሙከራ ነው። በሱ የሚማርና የሚሠራ ሰው አጠቃቀሙ ሌላ ነው፤ ፍጥነቱም ሌላ ነው። እናንተ ከባድ ያላችሁትን እሱ በሌላ መንገድ ያልፈዋል። ያላያችሁትን ደግሞ ወዲያው ይነግራችኋል።

አስቀድማችሁ ፈቃዱን ጠይቁ። የምትሰጡት ሥራ አንድና ግልጽ ይሁን፤ «እስቲ አንድ ጽሑፍ ለጥፍልኝ» ዓይነት። ኪቦርዱን አትንኩበት። «እዚያ ጋ ነው፣ ታች» እያላችሁ አትምሩት። ሲሳሳት ዝም ብላችሁ ጻፉ፤ የተሳሳተበት ቦታ ነው የምትፈልጉት። ትራንስፖርቱንም ጊዜውንም ከፍላችሁ አስቡለት። ሰውየው ኮምቦልቻ እናንተ ደሴ ከሆናችሁ ሐረጎን ማስወጣት አያስፈልግም። በራሱ ስልክ፣ በለመደው ቶክባክ ይሞክርና የሆነውን በቴሌግራም በድምፅ ይላክላችሁ። እንዲያውም በራሱ ዕቃ መሆኑ የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

6. ቀድሞ የተጻፈ መኖሩን ፈልጉ

የዋናው ሶፍትዌር ስህተቶች ትራክ በሚባለው ቦታ ይመዘገባሉ። የጽሑፍ ማዘጋጃው፣ ማለትም የጉተንበርግ፣ ጊትሃብ ላይ ነው። የፕለጊንና የቴም ችግር በየራሳቸው ገጽ ላይ ባለው የድጋፍ ክፍል ይገባል። የተሳሳተ ቦታ የገባ ሪፖርት ለብዙ ጊዜ ሊንከራተት ይችላል።

ተመሳሳይ ካገኛችሁ አዲስ አትክፈቱ። «እኔም ገጥሞኛል» ብቻም አትበሉ። የእናንተን ብራውዘር፣ ቨርዥንና የሰማችሁትን ጨምሩበት። ችግሩ በአማርኛ ገጽ ላይ እንዴት እንደሚሆን ካልተጻፈ እሱን ጻፉ።

7. ሪፖርቱን ጻፉ

ጥሩ ችግር አግኝቶ መጥፎ ሪፖርት መጻፍ ድካሙን ያባክናል። የሚያስተካክለው ሰው ሌላ አገር ነው ያለው። እናንተ ያያችሁትን እሱ ራሱ ካላየው አይነካውም። ስለዚህ ሪፖርቱ ያንኑ ስህተት እሱም ላይ እንዲከሰት ማድረግ አለበት። መጀመሪያ በአማርኛ በደብተር ጻፉት፤ ሐሳቡ ሲጠራ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። ረቂቁን ብራውዘር ላይ ሳይሆን ኖትፓድ ላይ አስቀምጡ፤ መብራት ወይም ኔትወርክ ቢሄድ እንዳይጠፋ።

ለማሳያ ያህል የፈጠርኩት ይኸውና፦

ርዕስ፦ ፎርሙ ላይ ያለው የስህተት መልእክት በስክሪን ሪደር አይነበብም

የተጠቀምኩት፦ የዎርድፕረስ ቨርዥን፣ ቴም፣ ፕለጊን፣ ዊንዶውስ፣ ፋየርፎክስ፣ ኤንቪዲኤ፤ ሁሉም ከነቨርዥን ቁጥራቸው

እርምጃዎች፦
1. ኤንቪዲኤን ክፈት።
2. ፎርሙ ያለበትን ገጽ ክፈት።
3. የኢሜይል ቦታውን ባዶ ተው።
4. በታብ ወደ «ላክ» ሂድና ኢንተር ተጫን።

መሆን የነበረበት፦ «ኢሜይል ያስገቡ» የሚለው መልእክት በድምፅ ይነበባል።

የሆነው፦ መልእክቱ በቀይ ይታያል። ኤንቪዲኤ ምንም አይልም።

ማንን ይጎዳል፦ ስክሪኑን የማያይ ሰው ፎርሙ የተላከ ይመስለዋል።

«ማንን ይጎዳል» የሚለውን አትዝለሉት። የትኛው ቀድሞ ይሠራ የሚለውን የሚወስኑት ከዚያ ነው። ትራክ ላይ ስታስገቡ «ፎከስ» በሚለው ቦታ አክሰሲቢሊቲን ምረጡ፤ ጉዳዩን የሚከታተሉት ሰዎች የሚያገኙት በዚያ ነው። አጭር የስክሪን ቪዲዮ ከድምፁ ጋር ብታያይዙ ደግሞ እሰየው።

አንድ ሪፖርት፣ አንድ ችግር። አምስቱን አንድ ላይ ካስገባችሁ አንዱ ሲታረም አራቱ አብረው ይዘጋሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ያገኛችሁት የደኅንነት ቀዳዳ ከሆነ፣ ለምሳሌ ያለ ፓስወርድ የሚያስገባ፣ በአደባባይ አትጻፉት። ዎርድፕረስ እንዲህ ያለውን የሚቀበለው ሃከርዋን በተባለው የደኅንነት ቀዳዳ መቀበያ ሳይት ላይ በምስጢር ነው።

8. ቡድኑን ተቀላቀሉ፤ የተስተካከለውን ሞክሩ

የዎርድፕረስ የተደራሽነት ቡድን የሚገናኘው ስላክ በተባለው የቡድን መልእክት መጻጻፊያ ነው። በዎርድፕረስ ዶት ኦርግ አካውንታችሁ ትገባላችሁ። ስብሰባው በጽሑፍ ስለሆነ ደካማ ኔትወርክ አያግዳችሁም። ቢያመልጣችሁም በኋላ ማንበብ ትችላላችሁ። የመጀመሪያ ቀን ስማችሁን ተናገሩና በየትኛው ስክሪን ሪደር መሞከር እንደምትችሉ ጻፉ።

ሰዓቱ ሲጻፍ በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት፣ ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 3 ቀንሱ። 10:00 ቢል ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ውጤቱ ከ12 ከበለጠ 12 ደግሞ ቀንሱ፤ 16:00 ቢል ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል።

አንድ ሰው የማስተካከያ ኮድ ሲያቀርብ ሞካሪ ይፈለጋል። ፕሌይግራውንድ ላይ የፑል ሪኩዌስቱን፣ ማለትም የቀረበውን የማስተካከያ ኮድ፣ ቁጥር አስገብታችሁ የተስተካከለውን መክፈት ትችላላችሁ። የመጀመሪያውን ሪፖርት እርምጃዎች አንድ በአንድ ድገሙ። ከዚያ «ተስተካክሏል» ወይም «አልተስተካከለም፤ አሁን ይህን ይላል» ብላችሁ ቨርዥኖቹን ጨምሩ። በአጠገቡ ያለ ሌላ ነገር አለመበላሸቱንም እዩ።

9. የማይታየውን ጽሑፍ ተርጉሙ

ዎርድፕረስ ውስጥ ለስክሪን ሪደር ብቻ የተጻፉ ቃላት አሉ። በዓይን አይታዩም። ስለዚህ ተርጓሚው ዘልሏቸው ይሄዳል፤ ዓይነ ስውሩም በአማርኛ ገጽ መሃል እንግሊዝኛ ይሰማል። ይህን ሥራ ከአማርኛ ተናጋሪ ውጪ የሚሠራው የለም። የዎርድፕረስ የትርጉም ገጽ ላይ አማርኛን ምረጡና ያልተተረጎሙትን አውጡ። «ይምረጡ»፣ «ይዝጉ» በሚለው አክብሮታዊ አነጋገር ጽኑ፤ ለወንድም ለሴትም ይሆናል። የፐርሰንት ምልክት ከፊደል ጋር ካያችሁ ሳትነኩ እንዳለ አስገቡት፤ ሲስተሙ ስም ወይም ቁጥር የሚሞላበት ቦታ ነው። የላካችሁት የሚወጣው ኃላፊነቱ ያለው አርታኢ ሲያጸድቀው ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

በአውቶማቲክ መፈተሻ ብቻ መተማመን። አክስና ዌቭ የሚባሉት መፈተሻዎች ጠቃሚ ናቸው፤ ፈጥነው ይጠቁማሉ። ምስሉ መግለጫ እንዳለው ግን ያያሉ እንጂ መግለጫው እውነት መሆኑን አያውቁም። ዜሮ ስህተት ስላላችሁ ከላይ በቁጥር 2 እና 4 ያሉትን ሙከራዎች አትዝለሉ።

ሳይት ላይ «ተደራሽነት» የሚል በተን የሚጨምር ፕለጊን ጭኖ ሥራው አለቀ ማለት። ከስር ያለው ስም የለሽ በተን እንደነበረ ይቀራል።

መፍትሔውን ለማዘዝ መቸኮል። ሪፖርቱ ላይ የሆነውን ጻፉ። እንዴት ይስተካከል የሚለውን ኮዱን የሚያውቁት ይነጋገሩበት፤ ሲጠይቋችሁ ትመልሳላችሁ።

መልስ ሲዘገይ መተው። የሚያነቡት አብዛኞቹ እንደ እናንተው ፈቃደኞች ናቸው፤ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ያንኑ ሙከራ ድገሙ። ችግሩ ካለ እዚያው ሪፖርት ስር «በዚህኛውም ቨርዥን አለ» ብላችሁ ቁጥሩን ጻፉ። ከጠፋም ጻፉ፤ ሪፖርቱ እንዲዘጋ።